ለጋሼ የሰጠሁት ሃያ ነጥብ

መካነ ሰላም ውስጥ ሰው ከሰው እኩል እንዳልሆነ በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ የለጠፈ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። እኩል አለመሆናችንንማ ሁሉም ያውቃል። በሰርግ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፣ በለቅሶ ማን ቀድሞ እንደሚናገር ለማንም አይጠፋውም። በቁጥር የጻፈው ግን አልነበረም። እኔ ጻፍኩት። የሂሳብ አስተማሪ ስለሆንኩና ሰዎች ጎበዝ ነህ ስላሉኝ ጻፍኩት። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእኔ ነው።

ነገሩ የመጣው ከጠረጴዛው ጋር ነው። አንድ የከተማችን ሰው ጅዳ ውስጥ ለብዙ ዓመት በአንድ ክበብ የስኑከር ጠረጴዛ ሲያጸዳ ኖሮ ተመለሰ። ሌላው ተመላሽ እንደሚያደርገው ሱቅ አልከፈተም፤ ባጃጅም አልገዛም። አዲስ አበባ ላይ ያገለገለ ትልቅ ጠረጴዛ ገዝቶ በአይሱዙ ጭኖ አመጣ። የጠረጴዛው ልብ ድንጋይ ስለሆነ ስምንት ሰው እያቃሰተ ነው ያስገባው። ወለሉ አልተስተካከለምና ከእግሮቹ ሥር የቆርቆሮ ክዳን ቢደረግም እስከ ዛሬ ወደ መስኮቱ በኩል ያዘነብላል፤ ቀስ ብሎ የተመታ ኳስ መጨረሻው ላይ ወደ መስኮት ይታጠፋል። ከወግዲ የሚመጡ ተጫዋቾች ይህን እስኪለምዱ ድረስ ደህና አድርገን ገርፈናቸዋል።

ለማያውቀው ሰው ጨዋታው ቀላል ነው። አሥራ አምስት ቀይ ኳሶች አሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ነጥብ ነው። ከሁለት እስከ ሰባት ነጥብ የሚያወጡ ስድስት ሌሎች ኳሶች ደግሞ አሉ፤ ሰባት የምታወጣው ጥቁሯ ናት። ሁሉም የሚመታው በነጯ ነው። ነጯ ራሷ ቀዳዳ ከገባች ጥፋት ነውና ለባላጋራ አራት ነጥብ ይጻፍለታል፤ ባላጋራው ከፈለገም ጥፋተኛውን «ድገም» ሊለው ይችላል። ይህን ያወቀ ሰው የእኔን ታሪክ ለመስማት በቂ እውቀት አለው።

መጀመሪያ ላይ ጨዋታው የሚጀመረው በጭቅጭቅ ነበር። ደካማው ከጨዋታው በፊት በነጻ የሚጻፍለት መነሻ ነጥብ ፈልጎ «ስንት ትሰጠኛለህ?» ይላል። ጎበዙ አሥር ይላል፤ ያኛው ሃያ ካልሆነ አልነካም ይላል፤ «ለአንተ ሃያ? ባለፈው እሁድ እንደ ገብስ ያጨድከኝን ረሳኸው?» ይባባላሉ። አንድም ኳስ ሳይመታ ሁለት ሰው ይኳረፋል። በዚህ የተማረረው ባለ ጠረጴዛው አንድ ቀን መጣና «ወላሂ መምህር፣ ጅዳ እያለሁ ክበቡ ደብተር ነበረው። ሰውየው ሲገባ ስሙን ያያሉ፣ መነሻህ ይሄ ነው ይሉታል፣ አለቀ። የሚጨቃጨቅ የለም። አንተ ቁጥር ታውቃለህ፤ ሥራልን» አለኝ።

ሠራሁላቸው። የእያንዳንዱን ሰው የመጨረሻ አሥር ጨዋታ ውጤት ሰበሰብኩ። በአማካይ ከምርጡ ተጫዋች በስንት ነጥብ እንደሚያንስ አወጣሁና የልዩነቱን ከአራት እጅ ሦስቱን መነሻ አድርጌ ሰጠሁት። ሙሉውን ያልሰጠሁት ጎበዙ ትንሽ ብልጫ ይኑረው ብዬ ነው፤ ያለዚያ ሰው ለምን ይለማመዳል? በየአሥር ጨዋታው ቁጥሩ ይታደሳል፤ የተሻለው ይቀነስበታል፣ የደከመው ይጨመርለታል። የማን ልጅ ነህ፣ ምን ሠራተኛ ነህ፣ ዕድሜህ ስንት ነው የሚል መስመር የለበትም። የሚያኮራኝም ይህ ነበር። በዚህ አገር እንዲህ ያለ መስመር የሌለበት ወረቀት አይቼ አላውቅማ።

ሰው ግን ሰው ነው። ከወግዲ የሚመጣ አንድ የግብርና ባለሙያ ሁለት ወር ሙሉ ለማይረቡ ተጫዋቾች እየተሸነፈ መነሻውን ሠላሳ ካደረሰ በኋላ የመስቀልን ውድድር ጠራርጎ አሸነፈ፤ የሽልማቱን ሙክት በገመድ እየጎተተ ሲሄድ በሐፍረት የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ያን ጊዜ አንድ ሕግ ጨመርኩ፤ ሆን ብሎ የሳተ ሰው ከውድድር ይታገዳል የሚል።

ሌላ ዓይነት ማጭበርበርም አለን፤ ይህኛውን የጅዳ ሰዎች የሚያውቁት አይመስለኝም። መነሻው እንዲቀነስበት የሚለምን አለ። አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ቢሮው አስጠርቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ «ከስሜ ጎን አሥራ ስምንት ምን ይሠራል? ሠራተኞቼ እኮ ያዩታል» አለኝ። ስምንት እንዳደርግለት ለመነኝ። በስምንት እንደሚሸነፍ ያውቃል፤ መሸነፉ ግድ አልሰጠውም። ነጥብ ተቀብሎ መሸነፍ ቀርቶ ነጥብ ተቀብሎ ማሸነፍ እንኳ ለእኛ የእርዳታ ስንዴ ለመቀበል እንደ መሰለፍ ነው። እኔ ይህን እያየሁ፣ እየሰማሁ፣ እያሾፍኩም ጭምር ሠንጠረዤን ማደሴን ቀጠልኩ። በሰው ሞኝነት ስስቅ የራሴ እየመጣ እንደነበር አላወቅኩም።

ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ነው የምላቸው። በአሥራ ስድስት ዓመት ይበልጡኛል። አባታችን ሲሞት ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ያሳደጉኝም ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፤ አንተ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመንግሥት መኪና ሾፌር ነበሩ። ደሴ ላይ ኃላፊዎቹ ስብሰባ ሲቀመጡ ጋሼ በሆቴሎች ኳስ እየመቱ ይጠብቋቸው ነበርና ጨዋታውን የተማሩት እዚያ ነው። እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ትልቁ ጠረጴዛ ሲመጣ ከተማው ውስጥ የሚደርስባቸው አልተገኘም። ሠንጠረዡን ስሠራ ከምርጡ ተጫዋች ያልኩት እሳቸውን ነው፤ የሁላችንም ቁጥር የተቆጠረው ከጋሼ ዜሮ ተነስቶ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ዜሮው መንቀሳቀስ ጀመረ። የጋሼ ዓይን እየደከመ ነበር። ቤተሰቡ ያውቃል፤ ግን አይወራም። መንገድ ላይ ሰውን በድምፁ ካልሆነ ሰላም አይሉም፤ ውሃ ሲቀዱ ከብርጭቆው ጎን ይፈስሳል፤ ባለቤታቸው እትዬ ምንም ሳይሉ ይጠርጉታል። ሐኪም ዘንድ ሄደው እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የሰው ነውር እንሸፍናለን እያልን የሰውን ዓይን ስናጠፋ የምንኖር ሰዎች ነን። ማንም ያልተናገረውን ግን ሂሳቡ ተናገረ። ከመጀመሪያው አሥር ጨዋታ በኋላ ስምንት መነሻ ይገባቸዋል አለ፤ ከሁለተኛው በኋላ አሥራ አራት።

ሁለቱንም ጊዜ ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። ሠንጠረዤ ላይ የጻፍኩት የመጀመሪያው ውሸት ነበር። ሦስተኛው ሲመጣ ሃያ ሆነ። ያን ጊዜ ከአጅባር እየመጣ የሚጫወት አንድ እህል ነጋዴ፣ ሰው አክባሪ ግን ነገር የማያልፈው፣ ጠረጴዛው ዳር ቆሞ «መምህር፣ የአንተ ሂሳብ የሚሠራው ለእኛ ለባዕዶቹ ብቻ ነው እንዴ?» አለኝ። ሁሉም ያውቁ ነበር። ሁሉም ቆጥረው ነበር። ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ፤ ወይ ሠንጠረዡ ውሸታም ይባላል፣ ወይ ጋሼ ይዋረዳሉ።

ደህና ሰው ቢሆን በዚያው ቀን ሄዶ «ጋሼ፣ እንዲህ ሆኗል» ይል ነበር። ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን ታናሽ ነኝ፤ ታናሽ ለታላቁ ነጥብ ሲሰጥ በየትኛው አፉ ነው የሚናገረው? ይሉኝታ ያዘኝ። ይሉኝታ የያዘው የእኛ አገር ሰው ደግሞ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ሽማግሌ ይልካል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይህ ነው። ለሃያ ነጥብ ሽማግሌ ላክሁ።

ሦስት ሰው መረጥኩ፤ የጋሼን ጎረቤት መሪጌታውን፣ በከተማው ደም በማስታረቅ የሚታወቁትን ሃጂን፣ ሦስተኛው ባለ ጠረጴዛው ራሱ። ሃጂ ጉዳዩን ሲሰሙ «ያ አላህ! በመሬት ሄጃለሁ፣ በሚስት ሄጃለሁ፣ በደም ሄጃለሁ። በኳስ ስሄድ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው» ብለው ሳቁ። መሪጌታው ግን አልሳቁም። «ነገሩ ትንሽ ነው፤ ሰውየው ግን ትልቅ ናቸው። ለትልቅ ሰው ሽማግሌ መላክ ማክበር ነው» አሉ። ይህ ንግግር ደስ አለኝ። ክብር የሰጠኋቸው መሰለኝ። ገና ካለፈ በኋላ ባለው እሁድ፣ ቅዳሴ እንዳለቀ፣ ሦስቱም ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ሄዱ።

እኔ ያላሰብኩትን አሁን ልናገር። ጋሼ አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ በጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ወሩ ጥር ነው። አንድ አብሯት የሚሠራ ልጅ በቅርቡ ሽማግሌ እንደሚልክ ለእናቷ በጆሯቸው ነግራቸዋለች፤ እናትየውም ለጋሼ አድርሰዋል። እኔ አጎቷ ነኝ፤ ግን አልሰማሁም ነበር። በጥር ወር፣ በእሁድ ጠዋት፣ መሪጌታና ሃጂ ያሉበት ሦስት ነጭ ለባሽ ደጃፉ ላይ የቆመበት ባለ ሴት ልጅ አባወራ ምን ብሎ ያስባል? ይህን ለማወቅ ሂሳብ መማር አያስፈልግም ነበር።

የሆነውን የነገረኝ ባለ ጠረጴዛው ነው፤ ከዚያ ቤት ወጥቶ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ገና በር ላይ ሲያዩዋቸው የጋሼ ፊት በራ አለኝ። ልጅቱ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ዶሮ ታረደ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው ቀሩ፤ ተቀመጡ ሲሏቸው አንቀመጥም አሉ። መሪጌታው ጉዳዩን መናገሩ ስለከበዳቸው ያገኙት መላ ይህ ነበር፦ «አስቀድመው እሺ ይበሉንና እንቀመጣለን። አያሳፍሩን» አሏቸው። ሌላ አባት ቢሆን ጉዳያችሁን ልስማ፣ ዘመድ ላማክር፣ ቀጠሮ ስጡኝ ይላል። ጋሼ ግን ወደ መጋረጃው ዘወር ብለው አዩና፣ «ደጄን የረገጣችሁት እናንተ ሆናችሁ ምን እከለክላለሁ? እሺ ብያለሁ። የአባቴ አምላክ ይመስክር፣ እሺ ብያለሁ። አሁን ተቀመጡልኝ» አሉ። ከማድ ቤት እትዬ እልል አሉ።

«ወላሂ መምህር፣ እልልታውን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ» አለኝ ባለ ጠረጴዛው። ሃጂ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ነገሩ የኳሱ እንደሆነ ተናገሩ። ጋሼ «የምን ኳስ?» አሉ። ሃጂም ወንድምዎ እንዲህ አስልቶ፣ እርስዎን አክብሮ፣ ፊት ለፊት መናገር ከብዶት፣ ሃያ ነጥብ መነሻ እንዲቀበሉለት ነው የላከን አሉ። እልልታው የቆመው በመካከል ነው። ልጅቱ በጓሮ በር ወጣች።

ጋሼ «ዶሮው ታርዷልና ሳትቀምሱ አትሄዱም» አሏቸው። አበሏቸው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ለሙሽራ እንደተሠራ የሚያውቁትን ማዕድ አንገታቸውን ደፍተው በሉ፤ ሃጂ በክርስቲያን የታረደ ስለማይበሉ የቀረበላቸውን እንጀራና ማር ማላመጥ አቅቷቸው ነበር አለኝ። ሲወጡ ጋሼ እስከ አጥሩ ሸኝተዋቸው፣ «እሺ ብያለሁና እሺ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሃያውን ተቀብዬለታለሁ በሉት» አሉ።

ሄጄ እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ። አልሄድኩም። አፍሬ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ተናድጄባቸውም ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? አልሰደብኩ፣ አልሰረቅሁ። ዓይናቸውን ያደከመው እኔ ነኝ? የልጅቱን ነገርስ እኔን የደበቀኝ ማን ነው? እንዲህ እያልኩ ለራሴ ስከራከር ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ሠንጠረዡ ላይም ከስማቸው ጎን ሃያ ብዬ ጻፍኩ። የአጅባሩ ነጋዴ አይቶት ራሱን ነቀነቀ፤ ደስ ያለው አይመስልም ነበር።

የጥር ወር ውድድር ደረሰ። እጣው ከባርኔጣ ውስጥ ይወጣል፤ የጋሼን ስም ያወጣው ባለ ጠረጴዛው ነው፤ ቀጥሎ ያወጣው የእኔን። ወረቀቱን አይቶ መልሶ ሊጨምረው ሲል ተያየን። «ተወው» አልኩት። የሚሻል መስሎኝ ነበር። በሌላ ሰው ከሚሸነፉ በእኔ ይሁን ብዬ፣ ወይም ከጨዋታው በኋላ እንነጋገራለን ብዬ፣ እኔ ራሴም አላውቅም።

እሁድ ከሰዓት ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ ለጥር ሰርግ የመጣው እንግዳ ሁሉ እዚያ ነው። ጋሼ ለትልቅ ቀን የሚለብሱትን ካፖርት ለብሰው መጡ። ሰላም ስላቸው «ደህና ነህ?» አሉኝ፤ ከዚያ በላይ አላሉኝም። ባለ ጠረጴዛው በጠመኔ ሰሌዳው ላይ የእሳቸውን ሃያ፣ እሳቸው ከደከሙ ወዲህ ምርጡ ተጫዋች ሆኛለሁና የእኔን ዜሮ ጻፈ። «ጻፈው፣ ጻፈው» አሉት ጋሼ። «ቃሌን ሰጥቻለሁ።» የመጀመሪያው ምት የእሳቸው ሆነ።

ጎንበስ ብለው ነጯን መቱ። አንድም ኳስ ሳትነካ ቀጥ ብላ ሄዳ ጥግ ቀዳዳ ውስጥ ገባች። ዓይናቸው ከዳቸው ብዬ አሰብኩ። አራት ነጥብ ለእኔ ተጻፈ። ሕጉ ስለሚፈቅድልኝ «ጋሼ፣ ይድገሙ» አልኳቸው። ነጯ ተመልሳ ተቀመጠችላቸው። እንደገና መቱ። እዚያው ቀዳዳ፣ በዚያው መስመር። ስምንት።

ሁለተኛዋ ስትገባ ገባኝ። ሃያን ለአራት ማካፈል ለሂሳብ አስተማሪ አያቅትም። ተራው የእኔ ነበር፤ ስቲኬን አንስቼ ልመታ ይገባ ነበር፤ አላነሳሁም። «ይድገሙ» አልኩ። አሥራ ሁለት። «ይድገሙ።» አሥራ ስድስት። አምስተኛዋንም አስደገምኳቸው። ሃያ። ዓይኑ ደከመ የተባለ ሰው አምስት ጊዜ አንድ ቀዳዳ መታ።

ያ ሠላሳ ነጥብ ሰብስቦ ሙክት የወሰደው የወግዲ ሰው ከኋላ «ሕግ አለ! ሆን ብሎ የሳተ ይታገዳል!» ብሎ ጮኸ። ባለ ጠረጴዛው ወደ እኔ ዞረ፤ ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «አምልጣቸው ነው» አልኩ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ጋሼ ወደ እኔ እንኳ ሳይዞሩ «አላመለጠችኝም» አሉ። ባለ ጠረጴዛው ግን ጠመኔውን ኪሱ ከተተና «አብሽሩ ጋሼ፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ቤቱ የእኔ ነው» አለ። ጋሼም «አሁን እኩል ነን። ምታ» አሉኝ።

እንደዚያ ቀን ተጫውቼ አላውቅም፤ እሳቸውም እንደዚያ ተጫውተው አያውቁም። ከመምታታቸው በፊት እስከ ኳሱ ድረስ ይሄዳሉ፤ ከቀዳዳው ያለውን ርቀት በእጃቸው እየለኩ ይመለሳሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ይለቁታል፤ ጠረጴዛው ወደ መስኮት ሲያዘነብል እሳቸው ያንን ዝንባሌ ከማንኛችንም በላይ ያውቁት ነበርና ኳሱ ታጥፎ ይገባል። ሲስቱ ይስታሉ፤ ክፉኛ ይስታሉ። ሲያገቡ ደግሞ ቤቱ «አቦ! ይባርክ!» እያለ ይነሳል። ሁለት ሰዓት ሊሞላን ምንም አልቀረን። መጨረሻ ላይ ጥቁሯ ብቻ ቀረች። እኔ ሃምሳ አንድ፣ ጋሼ አርባ ስድስት። ሰባቷን ያገባ አሸናፊ ነው።

ጋሼ ሞከሯት፤ ሳቷት። ጥቁሯ ከጥግ ቀዳዳው ሁለት ጣት ርቃ ቆመች፤ ነጯ ከኋላዋ በቀጥታ መስመር። ዓይኔን ጨፍኜ ብመታት ትገባለች። ጎንበስ ስል ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ፊታቸው ወደ ጠረጴዛው አልነበረም፤ ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ነበር፤ እንደሚያዳምጥ ሰው።

በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ሳላሳምር እናገራለሁ። ይህን አንድ ልስጣቸው አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፍትሕ ፍትሕ ስል የኖርኩ፣ የወግዲውን ሰው አጭበርባሪ ብዬ ስሙን ያጠፋሁ፣ ለታላቅ ወንድሜ እውነቱ ይሻላል ብዬ ሽማግሌ የላክሁ ሰው፣ እጄን በጣም ትንሽ አዘነበልኩ። ጥቁሯ የቀዳዳውን ከንፈር ነክታ ተመለሰችና አፉ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ሰው ሁሉ «ኡ!» አለ። እኔም ግንባሬን በመዳፌ መታሁ፤ ያንንም ጭምር አስመሰልኩት።

ጋሼ ተነሱ። ሄደው ጥቁሯን በጣታቸው ሳይነኩ በቅርብ አዩዋት፤ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ተመልሰው መቱ። ገባች። ቤቱ በጩኸት ተናወጠ፤ የአጅባሩ ነጋዴ ሳይቀር እጁን አንስቶ ጨፈረ፤ ሃምሳ ሦስት ለሃምሳ አንድ ብሎ ባለ ጠረጴዛው ጻፈ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ለአንድ አፍታ የታረቅን መስሎኝ ደስ አለኝ።

ጋሼ ሊጨብጡኝ መጡ። እጄን ያዙና አለቀቁትም፤ ጩኸቱ ስላለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም» አሉኝ። «ስትመታት እጅህ ሲለግም ሰማሁት። ሃያውን በአምስት ምት መለስኩልህ፤ ይሄንን በስንት ልመልሰው?»

እጄን ለቀቁት። ሰሌዳውን ዞረው አላዩትም። ካፖርታቸውን አስተካክለው በሕዝቡ መካከል ወደ በሩ ሄዱ፤ ሰው መንገድ እየከፈተላቸው፣ እያጨበጨበላቸው። ከበሩ ውጪ ሦስት ደረጃ አለ፤ ፀሐይ ከፊት ለፊት ይመታዋል። ጫፉ ላይ ቆሙና፣ ያን ሁሉ ጊዜ ማንንም ደግፉኝ ብለው የማያውቁት ጋሼ፣ እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ። እኔ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ከኋላቸው ነበርኩና እጄን ሰደድኩ። በእጃቸው ክርኔን ዳበሱት፣ ማንነቴን አወቁ፣ ለቀቁኝ። ከዚያ በሌላው ጎናቸው የቆመውን የአጅባሩን ነጋዴ ትከሻ ፈልገው ያዙና ደረጃውን ወረዱ።